600 አመልካች፣ የ300 ሰው በጀት፦ የወጣቶች መነሻ ገንዘብ መሥራቱን በእጣ እንዴት እንለካለን?

ክትትልና_ግምገማ

ሰላም ለሁላችሁ። ጉዳዩ የከተማ ሥራ አጥ ወጣቶች መነሻ ገንዘብ ነው። ከአራት ወረዳ የተመዘገቡ 600 ብቁ አመልካቾች አሉ፤ በጀቱ የሚበቃው ለ300 ነው። ለአንድ ሰው የ5 ቀን የንግድ ሥልጠናና 30,000 ብር ይሰጣል፤ ብሩ አይመለስም። ከዓመት በኋላ “ምን ለወጠ?” መባሉ አይቀርም። በተለመደው አሠራር ግን ሪፖርቱ ስንት ሰው ሠለጠነ፣ ስንት ብር ወጣ ከማለት አያልፍም።

የኦክስፎርዱ የኢኮኖሚ ፖሊሲ ፕሮፌሰር ስቴፋን ዴርኮን ከክሪስ ብላትማን ጋር እዚሁ አገራችን ውስጥ ተመሳሳይ ድጋፍ በእጣ አካፍለው ለክተዋል። በዚያው መንገድ መሄድ ታስቧል። ሦስት ነገር ግልጽ ቢሆን ደስ ይለኛል፦ 300 ለ300 ይበቃል ወይ? እጣው ቅሬታ እንዳያስነሣ እንዴት ይውጣ? ውጤቱስ መቼ ይለካ?

ናሙና_በልክ

ጥያቄው ገንዘቡ ከመውጣቱ በፊት መምጣቱ ትልቅ ነገር ነው። ብሩ ከተከፈለ በኋላ የሚመጣ ገምጋሚ የሚያወዳድረው ስለማያገኝ ተጠቃሚዎችን ብቻ “ከበፊቱ ተሻላችሁ?” ብሎ ይጠይቃል። ወጣት ሥራ ፈላጊ ደግሞ ምንም ባይደረግለትም በዓመት ውስጥ አንድ ነገር መሥራቱ አይቀርም። ያ መሻሻል በሙሉ በፕሮግራሙ ስም ይመዘገባል።

መጀመሪያ የዴርኮንና የብላትማንን ጥናት እንየው፤ የሦስተኛው ጥያቄህ መልስ እዚያ ውስጥ አለ። ከአምስት ድርጅቶች ጋር ሆነው 947 የፋብሪካና የእርሻ ልማት ሥራ አመልካቾችን በእጣ ሦስት ቦታ መደቡ። አንዱ ቡድን የድርጅቱን ሥራ አገኘ፤ ሁለተኛው 300 ዶላር ገደማ ከንግድ ሥልጠና ጋር ተሰጠው፤ ሦስተኛው ምንም አልተሰጠውም። ከአንድ ዓመት በኋላ የፋብሪካ ሥራ ያገኙት ገቢያቸው ካላገኙት እምብዛም አልተለየም። ብዙ ሰዓት ሠርተዋል፣ የሰዓት ክፍያው ግን ዝቅተኛ ነበር። ከሦስት ሩብ በላይ የሚሆኑት ዓመቱ ሳይሞላ ለቀዋል። በፋብሪካ በቆዩበት በእያንዳንዱ ወር ከባድ የጤና ችግር የመግጠሙ ዕድል በአንድ የመቶኛ ነጥብ ከፍ ብሏል። ገንዘብ የተሰጣቸው ደግሞ ገቢያቸው በ33 በመቶ በልጦ ተገኘ።

ጥናቱ እዚህ ላይ ቢቆም “ገንዘብ ስጡ፣ ፋብሪካውን ተዉት” የሚል ምክር ይወጣው ነበር። ከአምስት ዓመት በኋላ ሲመለሱ ግን ሦስቱም ቡድኖች በሁሉም መለኪያ ተቀራርበው ተገኙ። ብር የተሰጣቸው ብዙዎቹ የጀመሩትን ንግድ ትተዋል፤ የፋብሪካው የጤና ጉዳትም አልፎ ነበር።

የተገላቢጦሹም አለ። ግሩም አበበና ባልደረቦቹ በአዲስ አበባ ለሥራ ፈላጊ ወጣቶች በእጣ ለአንዱ ቡድን የትራንስፖርት ገንዘብ፣ ለሌላው ደግሞ ስለ ሥራ ማመልከቻና ቃለ መጠይቅ አጭር ሥልጠና ሰጡ። በአጭር ጊዜ ሲለካ ሁለቱም መደበኛ ሥራ የማግኘት ዕድልን ከፍ አደረጉ፣ ሥልጠናው ቋሚ ሥራ የማግኘትንም ጨመረ፤ ገቢ ላይ ግን ለውጥ አልታየም። ከአራት ዓመት በኋላ የትራንስፖርቱ ውጤት ጠፍቶ፣ የሥልጠናው ቡድን ገቢ 20 በመቶ ገደማ በልጦ ተገኘ። ስለዚህ አንድ ጊዜ ብቻ ለክቶ መፍረድ በሁለቱም በኩል ያሳስታል። ዓመት ላይ አንድ፣ ሦስተኛው ወይም አራተኛው ዓመት ላይ ሌላ ልኬት አሁኑኑ በበጀት ውስጥ ይግባ።

አሁን ወደ ቁጥሩ። 5 በመቶ የስህተት ገደብ (ልዩነት ሳይኖር አለ የማለት ዕድል) እና 80 በመቶ የማግኘት አቅም (ልዩነቱ ካለ የመታየት ዕድል) ብትይዝ፣ በሁለት እኩል ቡድኖች ሊታይ የሚችለው ትንሹ ልዩነት 2.8 × ስታንዳርድ ዲቪዬሽን (የሰዎች ገቢ ከአማካዩ የሚርቅበት መጠን) × የ(2 ÷ የአንዱ ቡድን ብዛት) ስኩዌር ሩት ነው። በ300 ለ300 ይህ 0.23 ስታንዳርድ ዲቪዬሽን ይሆናል። የከተማ ወጣት ገቢ በጣም የተበታተነ ስለሆነ ስታንዳርድ ዲቪዬሽኑ አማካዩን ያክላል ብሎ መነሳት ይሻላል። አማካይ የወር ገቢ 4,000 ብር ቢሆን፣ 914 ብር ወይም 23 በመቶ ያላነሰ ለውጥ ካልመጣ አታየውም ማለት ነው። ከሁለቱም ወገን 10 በመቶ ሰው ቢጠፋብህ ወደ 964 ብር ከፍ ይላል።

ይህን የሚያሻሽለው ርካሹ መንገድ ሰው መጨመር አይደለም፤ ያሉትን ሰዎች ደጋግሞ መጠየቅ ነው። የአንድ ሰው የወር ገቢ ከወር ወር ስለሚዋዥቅ አንድ ልኬት ብዙ ጫጫታ አለበት። በአንድ ሰው የተለያዩ ወራት ገቢ መካከል ያለው ዝምድና (ኮሪሌሽን) 0.3 ቢሆን፣ ከገንዘቡ በፊት አንድ የመነሻ ጥናት፣ በኋላ ደግሞ በ10ኛው፣ በ12ኛውና በ14ኛው ወር ሦስት አጫጭር ጥናቶች ብታደርግ፣ በ270 ለ270 እንኳ ትንሹ የሚታይ ልዩነት ወደ 640 ብር ይወርዳል። ይህም 16 በመቶ ነው። በስልክ የሚደረግ የ15 ደቂቃ ጥናት ለዚህ ይበቃል።

አንድ ነገር ግን አደራ፦ ቡድኑን ሦስት ቦታ አትክፈለው። “ብር ብቻ”፣ “ብርና ሥልጠና”፣ “ምንም” ብለህ 200፣ 200፣ 200 ብታደርግ ትንሹ የሚታይ ልዩነት 0.28 ይሆናል። ብር ብቻ በወሰደውና ሥልጠና ጨምሮ በወሰደው መካከል ያለው እውነተኛ ልዩነት ከዚያ በጣም ስለሚያንስ ገንዘቡ ወጥቶ መልሱ አይገኝም።

እጣ_አውጪ

ስለ እጣው ልጨምር። ቅሬታ የሚነሣው ብዙውን ጊዜ ከእጣው ሳይሆን ከስም ዝርዝሩ ነው። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. የወጣው የአዲስ አበባ የኮንዶሚኒየም እጣ ከወጣ በኋላ የተሰረዘው በመረጃ ሥርዓቱ ላይ ችግር ተገኝቷል ተብሎ ነው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን።

ዝርዝሩን መጀመሪያ አጽዳ። በአማርኛ አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ለመመዝገብ መዋሸት እንኳ አያስፈልገውም፤ ኃይሉ፣ ሀይሉና ሐይሉ ለኮምፒውተሩ ሦስት ሰዎች ናቸው። ድግግሞሽ ከመፈለግህ በፊት በአንድ የቅጂ ዓምድ ውስጥ ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ቀይር፤ ሰባቱንም ቤት። ከዚያ ሃን ወደ ሀ፣ ኣን ወደ አ አድርግ፤ አለዚያ ኃይሉና ሀይሉ አይገናኙም። “ገብረ ሥላሴ” አንዴ ተለያይቶ፣ አንዴ ተያይዞ፣ አንዴ “ገ/ሥላሴ” ተብሎ ስለሚጻፍ “ገ/”ን የመሰለውን አሳጥሮ የተጻፈ ወደ “ገብረ” ዘርዝር፣ ክፍት ቦታውንም አንሣ። ከዚያ ስም ከነአባትና አያት፣ ስልክና ካላቸው የፋይዳ ቁጥር አስተያይ። ከአንድ ቤት ሁለት ወንድማማቾች ካመለከቱ አንድ እጣ ይውጣላቸው፤ አንዱ ደርሶት ሌላው ሳይደርሰው ቢቀር ብሩ ማዕድ ላይ ይገናኛል፣ ንጽጽሩም ይበላሻል።

የጸዳውን ዝርዝር በየወረዳው ሰሌዳ ላይ 7 ቀን ለጥፈው፣ ቅሬታ ተቀበል፣ ዝጋው። ከተዘጋ በኋላ አንድም ስም አይገባም፣ አይወጣም።

ከዚያ በወረዳና በጾታ ክፈለው፤ አራት ወረዳ ሁለት ጾታ ስምንት ክፍል ይሆናል። እጣው በየክፍሉ ውስጥ ለየብቻ ይወጣል። እንዲህ ካልተደረገ በአጋጣሚ አንዱ ወረዳ ብዙ ሊያገኝ ይችላል፤ ያ ደግሞ ለስታትስቲክሱም ለሰላሙም አይበጅም። ብዛቱ ጎዶሎ የሆነ ክፍል ካለ የተረፈችው አንድ ቦታ እንዴት እንደምትመደብ አስቀድመህ ጻፍ።

በኤክሴል “ራንድ” የሚባለውን ፎርሙላ አትጠቀም። አንድ ሴል በነካህ ቁጥር ቁጥሩን በሙሉ ይቀይረዋል፤ ነገ “ድገመው” ብትባል ያንኑ ውጤት ማውጣት አትችልም። በስታታ ወይም በአር (የስታትስቲክስ ፕሮግራሞች ናቸው) አጭር ኮድ ተጽፎ ከእጣው ቀን በፊት ታትሞ ይፈረምበት። ኮምፒውተሩ እጣውን የሚጀምርበትን የመነሻ ቁጥር አመልካቾች ራሳቸው በአደባባይ ያውጡት፦ ከ0 እስከ 9 የተጻፈባቸው አሥር ወረቀቶች በከረጢት፣ ስድስት ሰዎች አንዳንድ እያወጡና እየመለሱ ስድስት አሃዝ ይሠራሉ። ያ ቁጥር በኮዱ ውስጥ ይገባል። ማንም ሰው በዚያ ዝርዝር፣ በዚያ ኮድና በዚያ ቁጥር ቢደግመው ያው 300 ስም ይወጣል። የስታታውን ቨርዥን መጻፍና ዝርዝሩን በመለያ ቁጥር ቅደም ተከተል መደርደር ግን አይረሳ፤ የረድፉ ቅደም ተከተል ከተለወጠ ውጤቱም ይለወጣል።

ገቢ_ጠያቂ

ናሙና_በልክ እንዳለው ቁጥሩ የሚያልቀው ስታንዳርድ ዲቪዬሽን ላይ ነው። ስታንዳርድ ዲቪዬሽኑን ከሚያሳብጡት አንዱ ደግሞ የመጠይቅ ስህተት ነው። በእኛ አገር መጠይቅ ላይ ተደጋግመው የሚገኙትን ልዘርዝር።

እቁብ። “ባለፈው ወር ስንት ብር አገኘህ?” ሲባል እቁብ የወጣለት ሰው 40,000 ብር ይላል። ያ የራሱ ቁጠባ እንጂ ገቢ አይደለም። መዋጮውም ወጪ አይደለም። ሁለቱም በተለየ ጥያቄ ይያዙ። ከዘመድ የተላከ ብርም እንዲሁ ለብቻው።

ትርፍ። የሽያጭና የወጪ ዝርዝር ጠይቆ መቀነስ ትክክለኛ ይመስላል፤ ግን አይደለም። ደ ሜል፣ ማኬንዚና ውድረፍ በስሪላንካ ትንንሽ ነጋዴዎች ላይ ሲፈትሹት ሽያጭ በ30 በመቶ ገደማ ተቀንሶ እንደሚነገር አሳይተዋል። “ባለፉት 30 ቀናት ወጪህን ሁሉ፣ የሠራተኛም ጭምር፣ ከፍለህ ስትጨርስ ከንግዱ ለራስህ ስንት ቀረህ?” ብሎ በቀጥታ መጠየቅ የተሻለ ነው። ከሱቁ አንሥቶ ቤት የተበላውን በተከታይ ጥያቄ ጨምር።

ሰዓት። “ከሁለት እስከ አሥራ አንድ” የሚል መልስ በታብሌቱ በፈረንጅ ሰዓት ከተመዘገበ ሰውየው በእኛ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት የጀመረ ይመስላል። ቅጹ በእኛ ሰዓት ይሠራ። ወርም እንደዚሁ፦ ጳጉሜን የሚነካ ጥናት ላይ “ባለፈው ወር” አይባል፣ “ባለፉት 30 ቀናት” ይባል።

ወቅት። በዐቢይ ጾም ሥጋ ቤትና ወተት ሻጭ ገበያቸው ይቀዘቅዛል፤ ለበዓል ዋዜማ ዶሮ ነጋዴው ይደምቃል። ሁለቱም ቡድን በአንድ ሳምንት ከተጠየቀ ይህ ጉዳት የለውም። የሚበላሸው ጠያቂዎቹ በቀላሉ የሚገኙትን ተጠቃሚዎች ጾሙ ሳይገባ ጨርሰው፣ ያልደረሳቸውን በጾም ሲያሳድዱ ነው። የየቀኑ የጥሪ ዝርዝር ከሁለቱም እኩል ተቀላቅሎ ይውጣ፤ ጠያቂውም ማን በየትኛው ቡድን እንዳለ ባያውቅ ይሻላል።

ጠያቂው ገንዘቡን ከሚሰጠው መሥሪያ ቤት መሆን የለበትም። የተሰጠው ለማመስገን ሲል ያጋንናል ወይም ሁለተኛ ዙር ተስፋ አድርጎ ያሳንሳል፤ ያልደረሰውም “ድሃ ነኝ” ካላለ የሚዘለል ይመስለዋል። ስለዚህ ገቢን ብቻ አትመን። የቤት ፍጆታ፣ የቤት ዕቃ፣ የሥራ ሰዓት ጎን ለጎን ይለኩ። እጅግ ከፍተኛ መልሶች ከ99ኛው ፐርሰንታይል (ከመቶው የዘጠና ዘጠኙ መልስ ከማያልፈው መጠን) ላይ ይቆረጣሉ ካልክ ዳታውን ሳታይ አሁን ጻፈው።

ክትትልና_ግምገማ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ በጣም ጠቃሚ ነው። ሁለት ነገር ቀረኝ። ከበላይ “የባሰባቸው ይቅደሙ፣ እጣ ለድሃ አይሆንም” የሚል ሐሳብ ይነሣል። ሌላው፣ አንድ ቀጠና ውስጥ ሃያ ሰው ጀበና ቡና ቢከፍት ያልደረሳቸውን ገበያ አይነጥቅም ወይ?

ወለላ_ፖሊሲ

የበላዮቹ ሐሳብ ቅን ነው፤ ከእጣው ጋርም አይጋጭም። 600ውን በግልጽ መስፈርት ነጥብ ስጧቸው፦ የቤተሰብ ብዛት፣ የቤት ኪራይ፣ አካል ጉዳት፣ የቤቱ አስተዳዳሪ ማን እንደሆነ። ያለ ምንም ጥርጥር የባሰባቸው 60ዎቹ በቀጥታ ይግቡ፤ ከእጣውም ከንጽጽሩም ይውጡ። ለቀሩት 540 የሚተርፈው ቦታ 240 ነው፤ እጣው በእነሱ መካከል ይሁን። ከ61ኛውና ከ300ኛው መካከል ያለው የነጥብ ልዩነት አብዛኛውን ጊዜ የመዝጋቢው እጅ ጽሑፍ ያህል ነው፤ በእሱ ላይ ተመርኩዞ አንዱን መርጦ ሌላውን መተው ከእጣ የበለጠ ፍትሐዊ አይሆንም።

ሁሉም በነጥብ ይሁን ከተባለም ከመቁረጫው በላይና በታች ያሉትን ማወዳደር ይቻላል። ዋጋው ግን ከባድ ነው፦ ነገሮች በተመቹበት ሁኔታ እንኳ ከእጣው ሁለት እጥፍ ተኩል በላይ ሰው ይፈልጋል፤ በ600 ሰው የማይሞከር ነው። ደግሞም መቁረጫው ከታወቀ ነጥቡ ላይ እጅ ይገባል። የነጥቦቹን ስርጭት ሥዕል ስትሠራ ከመስመሩ ጥቂት ከፍ ብሎ ክምር፣ ዝቅ ብሎ ጉድጓድ ካየህ ያ ሆኗል ማለት ነው።

የመንገድን የመሰለ በእጣ የማይከፈል ነገር ሲሆን ሌላ መሣሪያ አለ፣ እሱም የዴርኮን ሌላው ሥራ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ ኦክስፎርድና ዓለም አቀፉ የምግብ ፖሊሲ ምርምር ተቋም (ኢፍፕሪ) ከየትመን እስከ ሐረሳው፣ ከድንኪ እስከ ኮሮደጋጋ በ15 ገበሬ ማኅበራት የሚኖሩ ቤተሰቦችን፣ እነዚያኑ ራሳቸውን፣ ከእ.ኤ.አ. 1994 ጀምሮ ደጋግመው ጠይቀዋል። ዴርኮን፣ ጊሊጋን፣ ሆዲኖትና ታሠው ወልደሃና የ1994 እስከ 2004ን ሲተነትኑት፣ ክረምት ከበጋ የሚያስኬድ መንገድ ያለው ቤተሰብ ድሃ የመሆን ዕድሉ በ6.9 የመቶኛ ነጥብ፣ የግብርና ባለሙያ አንዴ እንኳ የጎበኘው ደግሞ በ9.8 ነጥብ ቀንሶ ተገኘ። ቤተሰቡ ከራሱ ጋር ስለሚወዳደር የማይለወጡ ነገሮች፣ ለምሳሌ የመሬቱ ጥራት፣ አያሳስቱም። ባለሙያው ጎበዙን ገበሬ መርጦ ቢጎበኝስ? ጥናቱ ለዚህ ያቀረበው መከላከያ አለው፣ እንደ እጣ ግን አይዘጋውም። ለዚህ ነው እጣ በሚቻልበት ቦታ እጣው የሚመረጠው።

ስለ ጀበና ቡናው ያነሣኸው ከሁሉም የከበደው ነው። ያልደረሳቸው ገበያ ከተነጠቀ ልዩነቱ ይሰፋል፣ ፕሮግራሙም ያላመጣውን ያመጣ ይመስላል። በአዲስ አበባ የከተማ ሴፍቲኔት (ለድሆች የሕዝብ ሥራ የሚሰጥ ፕሮግራም) ላይ ፍራንክሊን፣ አምበር፣ ግሩም አበበና መሂያ ማንቲያ የሠሩት ጥናት ተቃራኒውን አቅጣጫ ያሳያል፦ የሴፍቲኔት ሥራ ሰዎችን ከግል ሥራ ስለሳበ፣ ፕሮግራሙ በሁሉም ቦታ ሲዳረስ የግል ሥራ ደመወዝ በ18.6 በመቶ እንደሚጨምር አስልተዋል። ለድሆች የተገኘው ጥቅም ይህ ሲጨመርና የአካባቢው መሻሻል ሲታሰብ ስድስት እጥፍ ነው። ያንን ማየት የቻሉት እጣው በሰው ሳይሆን በአካባቢ ስለወጣ ነው።

በእናንተ መጠን በቀጠና ብቻ እጣ ማውጣት አያዋጣም። 20 ሰው ያለበት ቀጠና ቢሆንና የአንድ ቀጠና ሰዎች መመሳሰል 0.05 ብቻ ቢሆን፣ የሚያስፈልገው ናሙና በ1.95 ይባዛል። ይልቅ ሁለት ደረጃ አድርጉት፦ 30 ያህል ቀጠና ካለ በእጣ ግማሹን “ብዙ የሚደርስበት”፣ ግማሹን “ጥቂት የሚደርስበት” አድርጉ፤ 240ው ቦታ እንዲበቃ፣ በመጀመሪያው እጣ ውስጥ ከገቡት ከዘጠኙ አምስቱ፣ በሁለተኛው ከዘጠኙ ሦስቱ ይወስዳሉ። ከዚያ ያልደረሳቸውን ከብዙው ቀጠናና ከጥቂቱ ቀጠና አወዳድሩ። የሁለተኛዎቹ ገበያ የተሻለ ከሆነ ነጠቃው አለ። በ30 ቀጠና ትልቅ ነጠቃ ብቻ ነው የሚታየው፤ ስለዚህ መጠይቁ ላይ “በ200 ሜትር ውስጥ አንተን የመሰለ ሥራ የሚሠራ ስንት አለ?” የሚል ጨምሩ፣ የሥልጠናው ቀንም ወጣቶቹ ምን ለመክፈት እንዳሰቡ ተመዝግቦ ይነገራቸው።

ናሙና_በልክ

የወለላ የሁለት ደረጃ እጣ ጥሩ ነው፤ የእጣ_አውጪን ስምንት ክፍል ግን ይተካዋል። በቀጠና ውስጥ በጾታ ከከፈላችሁ በኋላ ክፍሎቹ እጅግ ስለሚያንሱ ወረዳውን ለቀጠናው እጣ ብቻ ተጠቀሙበት።

ሁለት ነገር ላክል። አንደኛ፣ ከእጣው በኋላ ሰው ይቀያየራል፤ የደረሰው 20 በመቶ ሳይመጣ ይቀራል፣ ካልደረሳቸው 10 በመቶ በሌላ በር ይገባሉ። ትንተናው እጣው እንደወጣ ነው፤ ያልመጣውም በደረሰው ቡድን ይቆጠራል። ይህን ያህል ሲቀላቀል በሁለቱ መካከል ያለው የመቀበል ልዩነት 70 በመቶ ስለሚሆን የሚያስፈልገው ናሙና በእጥፍ ያድጋል። ስለዚህ የቀረ ሰው በተጠባባቂ ከተተካ ተጠባባቂውም ከእጣው ዝርዝር በተራ ቁጥሩ ይግባ፤ በቢሮ ምርጫ አይተካ።

ሁለተኛ፣ የሚጠፋ ሰው። ሲም ካርድ ይቀየራል፣ ሰው ወደ ዐረብ አገር ይሄዳል። ሳይቃጠል በቅጠል ነው፦ በመነሻው ጥናት ከራሱ ስልክ ሌላ የሦስት ዘመድ ወይም ጎረቤት ስልክ፣ ቢያንስ አንዱ የማይንቀሳቀስ ሰው፣ ለምሳሌ የእድር ዳኛ ወይም የቤት ባለቤት። ያልደረሳቸው የመመለስ ፍላጎታቸው ይቀንሳል፤ ከደረሳቸው 95፣ ካልደረሳቸው 80 በመቶ ብቻ ከተገኙ ውጤቱን ማንም አይቀበልም። ለሁለቱም እኩል የሞባይል ካርድ ስጡ፤ በመጨረሻው ሳምንት ካልተገኙት ሩቡን በእጣ መርጣችሁ እነሱን በአካል እየሄዳችሁ አግኙ፣ በትንተናውም ለእያንዳንዳቸው አራት እጥፍ ክብደት ስጡ።

ክትትልና_ግምገማ

ያልደረሳቸው በሁለተኛው ዓመት በጀት ይሰጣቸው ቢባልስ? የአራተኛው ዓመት ልኬት ይቀራል ማለት ነው?

ወለላ_ፖሊሲ

ይቀራል፤ ከዚያ በኋላ የምትለኩት “ቀድሞ መቀበል” ምን ጠቀመ የሚለውን ብቻ ነው። መካከለኛ መንገድ አለ፦ ካልደረሳቸው ግማሹ በሁለተኛው ዓመት በሌላ እጣ ይግቡ፣ ግማሹ ለረጅሙ ልኬት ይቆዩ፤ እነሱ ብድርም ሌላ ድጋፍም ከመውሰድ አይከለከሉ። ይህ ሁሉ በስምምነት ቅጹ ላይ በግልጽ አማርኛ ይጻፍ፣ የሥነ ምግባር ገምጋሚ ቦርድም ከመነሻው ጥናት በፊት ይየው። ዕቅዱን፣ የሚለኩትን ነገሮችና የባዶ ሠንጠረዦቹን ቅርጽ እጣው ከመውጣቱ በፊት በአሜሪካ ኢኮኖሚክ አሶሲዬሽን የሙከራ መዝገብ ላይ አስመዝግቡ፤ ከእ.ኤ.አ. 2013 ጀምሮ በነጻ ክፍት ነው። አንድ ቅጂም ታትሞ፣ ቀን ተጽፎበት፣ በመዝገብ ቤት ይቀመጥ።